ልጄን ላስመርምር ወይስ ይቅር? ንክኪ፣ ድምፅና ሽታ ለሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች ወላጆች የቫይረስ ምርመራ መመሪያ

ልጄ ዐሥር ዓመቱ ነው። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ እሱ የሚማረው በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ ነው። ኦቲዝም አለበት። ማበጠሪያ ፀጉሩን ሲነካው ያለቅሳል። ሸሚዝ ስንገዛለት ከአንገቱ ጀርባ የተሰፋችውን ጨርቅ ፈትተን ካላወጣን አይለብስም። የወፍጮ ቤት ድምፅ ከሁለት መንገድ ማዶ ሲሰማ ጆሮውን በመዳፉ ይደፍናል።

በ2013 ዓ.ም.፣ በኮሮና ምክንያት ተዘግተው የነበሩት ትምህርት ቤቶች እንደገና በተከፈቱ ሰሞን፣ ጉንፋን ይዞት ስለነበር ለምርመራ ወሰድኩት። ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። ምን እንደሚደረግ አልጠየቅሁም፤ ለልጁም አልነገርኩትም። አንዱ እጁን፣ ሌላው እግሩን፣ እኔው እናቱ ጭንቅላቱን ይዘን ናሙናው ከአፍንጫው ተወሰደ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ግን ስምንት ወር ሙሉ ማንም አፍንጫውን እንዲጠርግለት አልፈቀደም። ነጭ የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር፣ ዱቄት የነካውን የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ጭምር፣ መሬት ላይ ይወድቅ ነበር። ውጤቱ «ነፃ» ተባለ። ጉንፋኑ በዚያው ሳምንት ለቀቀው። ውጤቱ ሌላ ቢሆን ኖሮም ቤት ከማስቀመጥ በቀር የምናደርገው ነገር አልነበረም፤ ቤት ደግሞ አስቀድመን አስቀምጠነው ነበር።

ይህን የምጽፈው ምርመራን ለመቃወም አይደለም። ከዚያ ወዲህ ልጄ ሁለት ጊዜ ተመርምሯል፤ ሁለቱንም ጊዜ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ተመልሷል። ልዩነቱን ያመጣው ውሳኔውን ቤታችን ተቀምጠን መወሰናችን፣ ከዚያም መዘጋጀታችን ነው። እንዴት እንዳደረግነው እነሆ።

1. በቅድሚያ የአደጋ ምልክት አለመኖሩን አረጋግጡ

ልጁ ታሞ ከሆነ «ይመርመር ወይስ አይመርመር» የሚለው ክርክር የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንገቱ ከገተረ፣ ወይም ስትቀሰቅሱት ከእንቅልፉ አልነቃ ካላችሁ፣ ምንም ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። እንዲህ ባለ ሰዓት ጩኸቱም ሽታውም ወደ ኋላ ይቀራል።

የእኛን ልጆች በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዶቹ ንክኪ እየበዛባቸው ሕመም ግን ያንሳቸዋል። ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ «አመመኝ» ላይል ይችላል። እኔ የልጄን ሕመም የማውቀው በምግቡ ነው። የሚበላው ነገር በጣት የሚቆጠር ነው፤ ደረቅ ዳቦ፣ የገብስ ቆሎና ድንች። ቆሎውን ሳህን ላይ ትቶ ሲነሣ ጉሮሮው እንደታመመ እረዳለሁ። እናንተም የልጃችሁን ምልክት ታውቁታላችሁና ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት፤ ከመልኩ ብቻ ላይገባው ይችላል።

ትኩሳት ካለ ደግሞ ሐሳባችሁ ቫይረስ ላይ ብቻ አይቆም። በፍኖተ ሰላምና በጃቢ ጠህናን አካባቢ፣ በዓባይ ሸለቆና በሌሎች ቆላማ ወረዳዎች ወባ አለ፤ የሚበረታውም ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ ትምህርት በሚከፈትበት ጊዜ ነው። ደጋ የምትኖሩም ብትሆኑ ልጁ በቅርቡ ቆላ ዘመድ ጋር ሄዶ ከነበረ ለወባ ይመርመር። ወባ ቫይረስ አይደለም፤ በጣት ደም የሚታወቅና መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። ኮሮና ነው ጉንፋን ነው እየተባለ ወባው እንዳይረሳ።

2. «ውጤቱ ምን ይለውጣል?» ብላችሁ ጠይቁ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። ከትምህርት ቤት ወይም ከጤና ጣቢያ የምርመራ ወረቀት ሲመጣ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለታችሁም ወላጆች፣ አያት በቤት ካለችም እሷን ጨምራችሁ፣ ተቀመጡ። ከዚያም አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንድ ወገን «ቫይረሱ ከተገኘበት ምን እናደርጋለን?»፣ በሌላው «ካልተገኘበትስ?» ብላችሁ ጻፉ። በሁለቱም ወገን የጻፋችሁት አንድ ዓይነት ከሆነ ምርመራው ለልጁ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። የተለያየ ከሆነ ግን ድካሙ ይገባዋል።

በቤት ውስጥ ስኳር፣ አስም፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የካንሰር ሕክምና ያለበት ሰው ካለ፣ ወይም ዕድሜያቸው የገፋ አያት ከልጁ ጋር የሚተኙ ከሆነ፣ ውጤቱ ብዙ ነገር ይለውጣል፤ መኝታ ይለያል፣ አያት ወደ ሌላ ልጃቸው ቤት ይሄዳሉ። ልጁ ራሱ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ካለበትም እንዲሁ። ሌላ ሕመም የሌለበትና ቀለል ያለ ጉንፋን የያዘው ልጅ ግን ተመረመረም አልተመረመረም ሕክምናው ዕረፍት፣ ፈሳሽና ለትኩሳቱ በኪሎው ልክ የሚሰጥ ፓራሲታሞል ነው። (አስፕሪን ለልጅ አትስጡ፤ በቫይረስ ሕመም ጊዜ በጉበትና በአንጎል ላይ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። አንቲባዮቲክም ቫይረስን አይገድልም።)

ኮሮና በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ያስታወቀው ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ ምንም ምልክት የሌለበት ልጅ ይመርመር የሚል ወረቀት ሲመጣ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር የለበትም። እነዚህን ጠይቁ፦ የሚፈለገው የትኛው ቫይረስ ነው? ናሙናው ከየት ይወሰዳል? ማን ይወስደዋል? ውጤቱን ማን ያየዋል? ልጄ ባይመረመር ምን ይሆናል? የሚመልስላችሁ ሰው ካጣችሁ ወረቀቱን ሳትፈርሙ አቆዩት።

ኩፍኝ ሲጠረጠር ደም ተወስዶ ለላቦራቶሪ ይላካል። ወረርሽኙ በአካባቢው ከተረጋገጠ በኋላ ግን ሽፍታና ትኩሳት ያለበትን እያንዳንዱን ልጅ ደም መቅዳት አያስፈልግም፤ በምልክቱ ይታከማል፣ ቫይታሚን ኤም ይሰጠዋል። «ወረርሽኙ ተረጋግጧል ወይ?» የምትለው አንዲት ጥያቄ አንድ መርፌ ልታስቀር ትችላለች።

ኤች አይ ቪ ላይ ሲደረስ ግን አቋሜ ይገለበጣል። እናት ቫይረሱ በደሟ ካለ፣ ወይም ልጁ እየደጋገመ የሚታመም፣ ኪሎ የማይጨምር ከሆነና ሐኪም ምርመራውን ካዘዘ፣ «ልጄ መርፌ አይችልም» ብላችሁ አታስቀሩት። እዚህ ውጤቱ የልጁን ዕድሜ ይለውጣል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ በጊዜው የጀመረ ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ ወልዶ ይኖራል። የሚያስፈልገው የጣት ጫፍ ደም ጠብታ ነው። አስቸጋሪ ልጅ ተብሎ ሳይመረመር የቀረ ልጅ በዘገየ ቁጥር የሚጎዳው ራሱ ነው፤ ይህን ስጽፍ በዐይኔ የማየው ልጅ አለ።

ስለ ጠበል አንድ ቃል። በእኛ አገር የልጁን ጠባይ አይተው «ጠበል ውሰዱት» የማይል ጎረቤት የለም፤ እኛም ወስደነዋል፣ እንወስደዋለንም። ጠበሉ ምርመራውን አይከለክልም፤ ምርመራውም ጠበሉን አያረክስም። የሚያስል ልጅ ይዞ ብዙ ሰው በተጨናነቀበት ጠበል ቤት ማደር ግን ለሌላው ታማሚም ጥሩ አይደለም። እስኪሻለው ቤት አቆዩት፤ ጠበሉን ቀድታችሁ አምጡለት።

3. ናሙናው ከየት እንደሚወሰድ ለዩ

«ምርመራ» አንድ ነገር አይደለም፤ ለልጆቻችን ዋናው ልዩነት ያለው እዚህ ነው።

የሚከብደው ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከጉሮሮው በላይ ካለው ቦታ የሚወሰደው ናሙና ነው። ቀጭኑ ዘንግ ከአፍንጫ ቀዳዳ እስከ ጆሮ ባለው ርቀት ልክ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዐይን ያስለቅሳል፣ ያስነጥሳል። የሚቀለው ከአፍንጫው መግቢያ የሚወሰደው ነው፤ ዘንጉ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገብቶ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይዞራል። ከጉሮሮ የሚወሰደው አጭር ቢሆንም ያቅለሸልሻል፤ አፉን በቀላሉ የሚከፍት ልጅ ግን ይህን ሊመርጥ ይችላል። የምራቅ ምርመራ ባለበት ቦታ ልጁ ወደ ዕቃ መትፋት ብቻ ይበቃዋል፤ ከ30 ደቂቃ በፊት መብላትና መጠጣት የለበትም።

ኪቱ (የመመርመሪያ ዕቃው) የሚፈቅደውን ጤና ባለሙያዋ ታውቃለችና «ከአፍንጫው መግቢያ ብቻ ሊወሰድ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ፈጣን ኪቶች ይህን ይፈቅዳሉ። እንዲያውም በእርሷ ተቆጣጣሪነት ልጁ ራሱ ወይም እናቱ ዘንጉን እንዲይዙ የሚፈቅዱ አሉ። ልጄ ዘንጉን በራሱ እጅ ሲይዝ የሚያሳየው መረጋጋት እስካሁን ይገርመኛል።

የፈጣኑ ምርመራ ውጤት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይነገራል፤ ፒሲአር፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ፣ ላቦራቶሪ ስለሚያስፈልገው ይዘገያል። በፒሲአር ጊዜ የሚጓዘው ናሙናው እንጂ ልጁ አይደለም። «ባሕር ዳር ውሰዱት» ከተባላችሁ ናሙናው ካላችሁበት ጤና ተቋም ተወስዶ መላክ ይችል እንደሆነ አጥብቃችሁ ጠይቁ። በተለይ መንገድ በሚቆራረጥበት ሰሞን ይህች ጥያቄ ልጁን ከብዙ ሰዓት የመኪና ጉዞ ታድነዋለች።

4. ልምምድ፤ ባቄላውን ቁጠሩ

ቢያንስ አምስት ቀን ያስፈልጋችኋል። አስቸኳይ ካልሆነ ቀጠሮውን በዚህ ልክ አርቁት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ልጄን የሚያስፈራው ሕመሙ ሳይሆን መቼ እንደሚያልቅ አለማወቁ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከዚያ በኋላ ያገኘነው ዘዴ ይህ ነው። ሁለት የቡና ስኒ ወስደን በአንዱ ዐሥር የባቄላ ፍሬ እንጨምራለን። በእያንዳንዱ ቁጥር አንዱን ፍሬ ወደ ባዶው ስኒ ይጥላል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፍሬው ሲያርፍ ድምፅ አለው። መጀመሪያው ስኒ ባዶ ሲሆን ነገሩ ያልቃል፤ ሁልጊዜ ያልቃል። በዐሥር ብላችሁ ወደ ዐሥራ አምስት አትለፉ። አንድ ጊዜ ከዋሻችሁት ባቄላው ባቄላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በእርግጥ የሚያስፈልገው ዐሥራ አምስት ከሆነ ከመጀመሪያው ዐሥራ አምስት ፍሬ አድርጉ።

የመጀመሪያውን ቀን ስኒውን ብቻ አጫውቱት። በሁለተኛው ቀን በናሙና መውሰጃው ዘንግ ፈንታ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አሳዩት፤ ይንካው፣ ያሽትተው፣ ይስበረው። ያን ዕለት ከፊቱ አታስጠጉት። በሦስተኛው ቀን እናት በራሷ ጉንጭ ላይ ታሳየው፤ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ካለው እነሱም ተራ ይግቡ። ከዚያ በእሱ እጅ ጀርባ ላይ፣ ቀጥሎ ጉንጩ ላይ፣ ባቄላውን እየቆጠራችሁ። በመጨረሻ የአፍንጫው ጠርዝ ላይ። ወደ ውስጥ አታስገቡት፤ ቤት ውስጥ የምንለማመደው ጠርዙን ብቻ ነው። በአንዱ ቀን እንቢ ካለ ወደ ቀደመው ቀን ተመለሱ፤ መመለስ ሽንፈት አይደለም። ልጄ ጉንጩ ላይ ለመድረስ አራት ቀን ፈጅቶበታል፤ ከጉንጩ ወደ አፍንጫው ግን በአንድ ከሰዓት ተሻገረ።

«አያምህም» አትበሉት። «ይኮረኩርሃል፣ ዐይንህ ያለቅሳል፣ ዐሥሩ ባቄላ ሲያልቅ ይበቃል» በሉት።

የሚያስተኛ ሽሮፕ ሰጥታችሁ አደንዝዛችሁት አትሂዱ። የአለርጂ ሽሮፕ ለዚህ ሲሰጥ ሰምቻለሁ፤ አንዳንድ ልጆችን ጭራሽ ያቅበጠብጣል፣ ከመጠን ካለፈም አደገኛ ነው።

ማየት የተሳነው ልጅ ካላችሁ ዘንጉን፣ ጓንቱንና ወንበሩን አስቀድሞ በእጁ ይመርምር፤ ከመንካት በፊት ሁልጊዜ ድምፅ ይቅደም። መስማት የተሳነው ከሆነ የባለሙያዋ ማስክ ከንፈሯን ስለሚሸፍንበት ሁሉንም ነገር በምልክት ቋንቋ ወይም በሥዕል ቤት ጨርሱለት፤ እዚያ ሲደርስ አይጀመርለት።

5. ከባለሙያዋ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ

ልጁን ሳትይዙ፣ ከአንድ ቀን በፊት ሂዱ። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የምታውቋት ከሆነ እሷ ብታገናኛችሁ ይቀላል። የሥራ ጫና ያለባት ነርስ በምርመራው ሰዓት ረጅም ታሪክ የመስማት ጊዜ የላትም፤ አጭር አድርጋችሁ በአክብሮት ንገሯት። እኔ እንዲህ ነበር ያልኳት፦

«ሲስተር፣ ልጄ ንክኪና ድምፅ በጣም ይከብደዋል። ነገ ጠዋት መጀመሪያ ብታይልኝ ብዬ ነው። ከመንካትዎ በፊት ይንገሩት፤ ባቄላ እየቆጠረ ይቀመጣል። እጁን ካነሣ እባክዎ ያቁሙ። እንዲያዝ አልፈልግም። ካልሆነ ይዤው እመለሳለሁ።»

ሳቅ ብላ «ባቄላውን እኔም ልቁጠርለት?» አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጄ ስሟን ያውቀዋል።

ሁሉም እንዲህ አይመልሱላችሁም። «ኧረ ሁለት ሰው ቢይዘው አንድ ደቂቃ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ክፋት የላቸውም፤ ስምንት ወሩን ግን አላዩም። ንገሯቸው።

6. የምርመራው ቀን

የገበያ ቀን አይሁን። አባት ወይም ዘመድ ቀድሞ ሄዶ ካርድ ያውጣና ተራ ይያዝ፤ ልጁና እናት ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይቆዩ። ካርድ ክፍል ፊት ያለው ግፊያ ከምርመራው የባሰ ነው። ተራ ሲደርስ ስልክ ይደወል።

የምትይዙት ዕቃ፦ ሁለቱ ስኒና ባቄላው፤ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ወይም ሻሽ፤ የሚያውቀው ሽታ። የአልኮልና የበረኪና ሽታ ለልጄ ግድግዳ ነው። በመሐረብ ጥቂት ጤና አዳም ቋጥሬ እሰጠዋለሁ፤ በየጠዋቱ ቡና ላይ የሚያሸትተው ስለሆነ ቤቱን ይዞ እንደመጣ ይቆጠርለታል። የእናንተ ልጅ ሌላ ሽታ ሊወድ ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋቢ ያዙ።

ስለ ጋቢው ላብራራ። ብዙ ልጆች ቀላል ንክኪ ሲያስጨንቃቸው ከበድ ያለና እኩል የሆነ ጫና ያረጋጋቸዋል። ለሁለት የታጠፈ ጋቢ በትከሻውና በጭኑ ላይ ሲያርፍ ልጄ ትንፋሹ ይረዝማል። ነገር ግን ጋቢው አይጠቅለልበት፤ እጁ ይውጣ፣ ሲፈልግ ይጣለው። ያው ጋቢ እጅ ለመጠፈሪያ ከዋለ ማታ ሊተኛበት አይፈልግም።

አቀማመጡ፦ እናት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ልጁ ጀርባውን ለደረቷ ሰጥቶ ጭኗ ላይ ይቀመጣል። ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ይደገፋል። ከተስማማ መዳፏን ግንባሩ ላይ ታሳርፋለች፤ ታሳርፋለች አልኩ እንጂ ትጫናለች አላልኩም። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። ሁሉም «ጎበዝ፣ አይዞህ፣ አለቀ» እያለ ሲጮህ ድምፁ ራሱ ጫና ነው። ከተቻለ ጓንቱ ከፊቱ ይጠለቅ፤ ድንገት ከኋላ የመጣ እጅ የሳምንቱን ልምምድ ያፈርሰዋል። ልጁ ነስር የሚበዛበት ከሆነ ወይም ደሙ ቶሎ የማይቆም ከሆነ ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ።

ሲያልቅ ቃል የገባችሁለትን ወዲያው ስጡት። የእኛ ሸንኮራ አገዳ ነው፤ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ልጣጩን እስኪጨርስ ማንም አያስቸኩለውም።

7. እጁን ካነሣ

ይቁም። ውጡ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። አንድ ጊዜ እንደገና ሞክሩ። ሁለተኛውም ካልሆነ ወደ ቤት ተመለሱ። ይህን ሕግ ከቤት ሳትወጡ ተስማሙበት፤ እዚያ ቆማችሁ፣ ሰው እያያችሁ፣ ትራንስፖርት ከፍላችሁ መጥታችሁ «ይኼው ከመጣን አይቀር» የሚለው ስሜት ይበረታል። እኔን ያሸነፈኝ እሱ ነበር።

ለዚህ ሕግ የማይገዙት በመጀመሪያው ክፍል የጠቀስኳቸው የአደጋ ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ ያኔ ሐኪሙ የሚለውን ስሙ። ኤች አይ ቪን የመሰለ የግድ የሚያስፈልግ ምርመራ ከሆነም ሌላ ቀን ቅጠሩ እንጂ አትተዉት።

ለጉንፋንና ለኮሮና ግን ሳይመረመሩ የሚሠራ መንገድ አለ። ልጁን እንደታመመ ቆጥራችሁ ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት እስኪለቅቀውና ሳሉ እስኪቀንስ ቤት አቆዩት፤ ከአያት አጠገብ አይተኛ፤ መስኮት ይከፈት፤ እጅ ይታጠብ። ማስክ ፊቱ ላይ መቆየት ለማይችል ልጅ ከሱ ይልቅ በዙሪያው ያሉት ይልበሱ።

ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አስታውቁ። የቃል ነገር ይጠፋል። ልትቀዱት የምትችሉት ይህ ነው፦

«ልጃችን የስሜት ሕዋሳት ችግር ስላለበት ከአፍንጫ የሚወሰደውን ናሙና መስጠት አልቻለም። ሁለት ጊዜ ተሞክሯል። ምልክቱ እስኪጠፋ ቤት እናቆየዋለን። የቀረበትን ትምህርት መምህርቷ በደብተር እንድትልክልን፣ በሌላ መንገድ የሚወሰድ ምርመራ ካለም እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

የሚከራከራችሁ ካለ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጥቀሱ፤ ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት፣ ይህም የመንግሥትንም የግልንም ተቋማት እንደሚመለከት ይደነግጋል። ጉዳዩን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ ማቅረብም ትችላላችሁ። እኔ እስከዚያ አልደረስኩም፤ ርእሰ መምህሩ ደብዳቤውን አንብበው ፋይሉ ውስጥ አስገቡት።

8. ውጤቱ ሲመጣ

ፈጣኑ ምርመራ «የለበትም» ቢልም ምልክቱ ካለ ልጁን ወደ ክፍል አትመልሱት። ፈጣን ምርመራ በተለይ ምልክት ሳይታይ ወይም ሕመሙ ከጀመረ ከሳምንት በኋላ ሲደረግ ይስታል። ፒሲአር ደግሞ በተቃራኒው ልጁ ከዳነ ሳምንታት በኋላም «አለበት» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ልጁ ተሽሎት ሳለ ወደ ትምህርት ቤት ለመመለስ ብቻ ደግማችሁ አታስመርምሩት።

ከተገኘበት ለልጄ የሚከብደው በሽታው ሳይሆን ቤት መዋሉ ነው። የቀኑ ቅደም ተከተል ሲፈርስ እሱም ይፈርሳል። ዩኒፎርሙን እንደወትሮው ጠዋት እናለብሰዋለን፤ ደብተሩን ይዞ ጓሮ ይቀመጣል፤ ደወል በሚደወልበት ሰዓት ቆሎ ይበላል።

ውጤቱን የሚያውቀው ማወቅ ያለበት ብቻ ይሁን። ክፍል ውስጥ ስም እንዳይጠራ መምህርቷን አስቀድማችሁ ለምኑ። ልጆቻችን ስም ሳይወጣላቸውም የሚሸሿቸው ብዙ ናቸው።

9. የሠራውን ጻፉ

ከምርመራው በተመለሳችሁበት ማታ፣ ሳትረሱት፣ ምን እንደረዳውና ምን እንዳስደነገጠው በአንድ ገጽ አስፍሩና አንዱን ቅጂ የክትባት ካርዱ ውስጥ፣ አንዱን የትምህርት ቤት ቦርሳው ውስጥ አድርጉ። እናንተ በሌላችሁበት ቀን ታሞ ጤና ጣቢያ ቢወሰድ ይህች ወረቀት ስለ እናንተ ትናገራለች። የልጄ ወረቀት ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦

«ዐሥር ዓመቴ ነው። የሚሉኝን እሰማለሁ፤ መልስ ባልሰጥም ይገባኛል። ከኋላዬ አትንኩኝ። ከመንካታችሁ በፊት ንገሩኝ። አንድ ሰው ብቻ ያናግረኝ፤ ቀስ ብሎ። ደም ከግራ እጄ የቀለበት ጣት ውሰዱ፤ በቀኝ እጄ ባቄላ እቆጥራለሁ። ባቄላው በቦርሳዬ የጎን ኪስ ውስጥ ነው፤ ዐሥር ፍሬ ነው። እጄን ካነሣሁ አቁሙ። ጋቢ ካለ አልብሱኝ፤ አትጠቅልሉኝ። አመመኝ አልልም፤ ቆሎ እንቢ ካልኩ ጉሮሮዬን እዩልኝ።»